ፊቱን ያዞረው ሰሌዳ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲቀበላችሁ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሞ ነበር። የማን እንደሆነ አልናገርም። ሰኔ ሲገባ ፊቱ ወደ መንገዱ ነበር። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ስመለስ ግን መንገደኛውን ትቶ ወደ ቦርከና ወንዝ ዞሮ አገኘሁት። አልወደቀም፣ አልተሰበረም፣ ብረቱም አልተጣመመም። እንደ ተኮራረፈ ጎረቤት ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

መኪናዬን አቁሜ ወረድሁና ዙሪያውን አየሁት። ምሰሶው በሦስት የሽቦ ገመዶች ተወጥሯል፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ምሰሶው የተተከለበት ክብ ኮንክሪት ግን ከነምሰሶው ዞሯል፤ ጭቃው በዙሪያው በክብ ተፍቆ ወፍጮ የዞረበት ይመስላል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ይህን የተከለው ሰው የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መውደቅን። ለመውደቅ ገመድ ወጠረለት፣ ገመዱም ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ሰሌዳው የተሰቀለው ግን ከምሰሶው ወደ አንድ ጎን ብቻ ወጥቶ፣ እንደ በር በማጠፊያው ነበር። ነፋሱ ሰሌዳውን ሲገፋው ምሰሶውን መጣል ብቻ ሳይሆን በራሱ ዙሪያ ማዞርም ይፈልጋል። ምሰሶው ላይ የታሰረ ገመድ ደግሞ ምሰሶው በራሱ ዙሪያ ሲዞር ጉዳዩም አይደለም።

ዛሬ ማታ የምናገረው ስለዚህ መዞር ነው። ርእሱ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያስፈራል፤ «ግትርነታቸው በጥልቀት የሚለዋወጥ ኢላስቲክ ጠጣር አካላት ጥምዘዛ» ይላል። በተራ አማርኛ፣ ሲለቁት ወደ ነበረበት የሚመለስ፣ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር እንቢተኝነቱ የሚለዋወጥ ነገር ሲጠመዘዝ ምን ይሆናል ማለት ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ያነበቡ ሁለት ወዳጆቼ እንደማይመጡ ፊት ለፊት ነግረውኛል። የመጣችሁትን አመሰግናለሁ።

ጥምዘዛን የማያውቅ የለም። እርጥብ ጋቢ ሲታጠብ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዝዘዋል። እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ ጥጡን ክር የሚያደርገው ጥምዘዛው ነው። ያልከረረው ሲጎትቱት ይበተናል፣ በልኩ የከረረው ይጸናል፣ ከልክ በላይ የከረረው ይበጠሳል። ጭቅጭቅ ሲበዛ «ነገሩን አታክርረው» የምንለውም ከዚያው ከእንዝርቱ ተወስዶ ነው። ይህን ሙያ ከእኔ በላይ የሚያውቁት እዚሁ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላችሁም አሉ።

ጥምዘዛን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ በቁጥር የያዘው ፈረንሳዊው ኩሎምብ ነው። ተማሪዎች በኤሌክትሪክ ሕጉ ታውቁታላችሁ። ሰውየው ግን በሙያው የጦር መሐንዲስ ነበር፤ በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ዓመታት ቆይቷል። በ1776 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) አፈር በግንብ ላይ ስለሚያሳድረው ግፊት ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬም የአፈር መሐንዲሶች ፊደል መቁጠሪያ ነው። በ1784 ደግሞ ስለ ቀጭን ሽቦዎች ጥምዘዛ ጻፈ። ሽቦ አንጠልጥሎ ከታች ክብደት ሰቀለበት፣ ክብደቱን ትንሽ አዙሮ ለቀቀውና ወዲያና ወዲህ ሲሾር ጊዜውን ለካ። ጠምዛዡ ኃይል፣ በመካኒኮች አፍ ቶርኩ፣ ከተዞረበት ማዕዘን ጋር እኩል እንደሚያድግ አገኘ። ሁለት እጥፍ ለማዞር ሁለት እጥፍ ቶርክ ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሁለተኛው ግኝቱ ነው፤ የሽቦው ውፍረት ሁለት እጥፍ ሲሆን ለማዞር የሚያስፈልገው ቶርክ 16 እጥፍ ይሆናል። አፈርንና ጥምዘዛን ያጠናው አንድ ሰው መሆኑ ለዛሬው ርእሳችን ጥሩ ምርቃት ነው። እሱ ራሱ ሁለቱን አላገናኛቸውም፤ ያ እስኪሆን ከ150 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ይህ 16 ከየት መጣ? ብረት በማሽን የምትቀርጹ ባለ ቶርኖዎች፣ ይህ የእናንተ ነው። አንድ ክብ ዘንግ ሲጠመዘዝ መሃሉ አይንቀሳቀስም፤ ከመሃል በራቅን ቁጥር ብረቱ ይበልጥ ይንሸራተታል። ይበልጥ የተንሸራተተው ይበልጥ ይቃወማል። ያ ተቃውሞ ደግሞ ከመሃል በራቀ ቁጥር እንደ ረዥም ቁልፍ እጀታ ጉልበቱ ይበረታል። ከዚህም በላይ ወደ ውጭ በሄድን ቁጥር ዙሪያው ስለሚሰፋ የሚቃወመው ብረት ራሱ ይበዛል። ሦስቱ ተደራርበው ነው ውጩን ጌታ፣ መሃሉን እንግዳ የሚያደርጉት። ከዘንጉ መሃል በግማሽ ዲያሜትር ቦርቡራችሁ ብታወጡ ክብደቱ በሩብ ይቀንሳል። ጥምዘዛን የመቋቋም ግትርነቱ ግን ከ16 እጅ አንዱን ብቻ ያጣል። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ሻፍት ባዶ ቱቦ የሆነው አምራቹ ብረት ስለቆጠበ ብቻ አይደለም። ሐረጎን ጭነት ይዞ በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ አይሱዙ ሁሉ የሚመካው በዚያ ቱቦ ላይ ነው።

አሁን ግትርነቱ በጥልቀት የሚለዋወጥ ዘንግ እናስብ። የዘንጉን ሥጋ እኩል ለሁለት እንክፈለው፤ ግማሹ ወደ መሃል፣ ግማሹ ወደ ዳር። ከዚያ ለአንደኛው ግማሽ ሁለት እጥፍ ግትር የሆነ ብረት እንስጠው። ለመሃሉ ብንሰጥ የዘንጉ ግትርነት በ25 በመቶ ያድጋል። ለዳሩ ብንሰጥ በ75 በመቶ ያድጋል። የገዛነው ብረት ልክ አንድ ነው፣ ዋጋውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የት እንዳስቀመጥነው ብቻ ነው። የደጋ ቀርከሃን በቢላ አቋርጣችሁ ብታዩ ይህንን ያለ ሒሳብ ሠርቶት ታገኙታላችሁ፤ መሃሉ ባዶ ነው፣ ከግድግዳውም ጭረቶቹ ጥቅጥቅ የሚሉት ወደ ውጩ ቆዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በያጅ ጥያቄ አነሳ፤ «ታዲያ ብረቱን አግለን ዘይት ውስጥ ስንነክረው ዳሩ ይጠነክራል፤ ያው አይደለም?» አለኝ። አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥንካሬ ሌላ ነው፣ ግትርነት ሌላ። ጥንካሬ ዕቃው ከመቆረጡ ወይም ለዘለቄታው ከመጣመሙ በፊት ምን ያህል እንደሚሸከም ነው። ግትርነት ደግሞ ገና ሳይጎዳ፣ ስትለቁት ወደ ነበረበት እየተመለሰ ሳለ፣ ምን ያህል እንደሚያስቸግራችሁ ነው። የብረት ግትርነት ለመንሸራተት ወደ 80 ጊጋ ፓስካል ነው (ፓስካል በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የአንድ ኒውተን ጫና ነው)፤ ብትነክሩትም ባትነክሩትም ያው ወደ 80 ነው። የተነከረው ዘንግ ይበልጥ ይሸከማል፣ ማርሹ ቶሎ አይበላም። በተመሳሳይ ቶርክ የሚዞረው ማዕዘን ግን አይለወጥም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ሰሌዳው ስንመለስ ያስፈልገናል።

ለበያጆች አንድ ነገር ላክልና ከብረት ልውጣ። ላሜራ አጥፋችሁ ቱቦ ስትሠሩ ስፌቱን ሳትበይዱ ብትተዉት፣ ሲያዩት ቱቦ ነው፣ ሲጠመዝዙት ግን ቱቦ አይደለም። ራዲየሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ቢቀር ጥምዘዛን የሚቋቋምበት ግትርነቱ 1,200 ጊዜ ያንሳል። 1,200! ስንጥቁ የቀነሰው ብረት የለም። በካርቶን ሞክሩት፤ ቤት ስትገቡ ከወረቀት ጥቅል መሃል ያለውን የካርቶን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመቀስ ሰንጥቃችሁ ብትጠመዝዙት ልጆቻችሁም ይረዱታል።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ።

መሬትን እንደ ዘንግ ማሰብ ያስቸግራል፤ ወደ ታችም ወደ ጎንም ማለቂያ የለውም። በ1944 ራይስነርና ሳጎቺ የተባሉ ሁለት ሰዎች ጥያቄውን ጥርት አድርገው አቀረቡት። ወደ ታች ማለቂያ በሌለው ኢላስቲክ አካል ላይ ክብ ግትር ሳህን ተጣብቆ ቢቀመጥና ሳህኑን ብናዞረው ስንት ቶርክ ይፈልጋል? መልሳቸው ባጭሩ የሚነገር ነው፤ የመሬቱን ግትርነት በሳህኑ ራዲየስ ኩብ አባዙት፣ በተዞረው ማዕዘን አባዙት፣ በመጨረሻም በ16 አባዝታችሁ ለ3 አካፍሉት። ያችው 16 እንደገና መጣች፤ እዚህ ላይ ግን ዝምድና የላቸውም፣ ስማቸው የተገጣጠመ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቁም ነገሩ የራዲየሱ ኩብ መሆኑ ነው። ሳህኑን ሁለት እጥፍ ብታሰፉት መሬቱ ስምንት እጥፍ ይቋቋማችኋል። ጫናውም ከሳህኑ ሥር እኩል አይከፋፈልም፤ መሃሉ ላይ ምንም የለም፣ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ እየናረ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚላላው ሁልጊዜ ጠርዙ ነው።

ለማሳየት ከቤት ሁለት ሰፌድ ሊጥ አምጥቻለሁ። አንደኛውን ከጠዋት ጀምሮ ሳልከድነው ስላቆየሁት ፊቱ ደርቆ ቆዳ አውጥቷል። የሁለተኛውን ፊት በውሃ አላላሁት። በሁለቱም ላይ የቡና ስኒ ደፍቻለሁ። (እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ መጥታ ሞከረችው።) መጀመሪያ ወደ ታች ስትጫነው ሁለቱም ስኒዎች ይቃወማሉ፤ ልዩነት አለ፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ስታዞረው ግን የደረቀው ሊጥ ስኒውን ይይዘዋል፤ ውሃ የነካው ዝም ብሎ ያሽከረክረዋል። ከሥር ያለው ሊጥ በሁለቱም አንድ ነው። ባለቤቴ ሊጡ እንዲመለስላት ስለምትፈልግ ጥንቃቄ እንድታደርጉ እለምናለሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጥምዘዛ ጥልቀት ስለማይወድ ነው። ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ከዕቃው ራቅ ካልን በኋላ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የመሬቱ መስጠም በግማሽ ይቀንሳል፣ ጫናው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጥምዘዛ ሲሆን ግን ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን እንቅስቃሴው ራሱ ወደ ሩብ፣ ጫናው ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። በሦስት እጥፍ ርቀት የክብደቱ ጫና ከ9 አንድ እጅ ሲሆን የጥምዘዛው ከ27 አንድ እጅ ብቻ ነው። ክብደት እስከ ጓዳ የሚዘልቅ እንግዳ ነው፤ ጥምዘዛ ከደጃፍ ይመለሳል።

ደሴ ቤት የሚሠሩ ወዳጆቼ «ከታች ድንጋይ አለ» ብለው ይጽናናሉ። ጦሳ ሥር ለተቀመጠ ከተማ ተገቢ መጽናኛ ነው፤ ለቤት ክብደት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለጥምዘዛ ግን የ30 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው መሠረት ከሥሩ አንድ ሜትር ወርዶ የሚገኘው ድንጋይ ብዙም አይረዳውም። ድንጋዩ መኖሩን እንኳ እምብዛም አይሰማውም። እሱ የሚያውቀው ከላይ ያለውን አፈር ነው።

ወደ ዋናው ደረስን። እውነተኛ መሬት ግትርነቱ በጥልቀት አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ሲወርዱ ይጨምራል፤ ከላይ ያለው አፈር የታችኛውን ተጭኖ ያጠብቀዋልና። ባለሙያዎች ጣውላ መሬት ላይ አጋድመው በመዶሻ ከጎን ይመቱታል፤ የመንሸራተት ሞገዱ በምን ፍጥነት እንደተጓዘ ለክተውም ግትርነቱን ያሰላሉ። ግትርነቱ የአፈሩ እፍጋት በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው። በሜትር ኩብ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን አፈር ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 150 ሜትር ቢሄድ ግትርነቱ ወደ 40 ሜጋ ፓስካል ነው። ፍጥነቱ ወደ 300 ቢያድግ ወደ 160 ይደርሳል።

በ1967 ጊብሰን የተባለ የእንግሊዝ የአፈር መሐንዲስ አንድ ዓይነት መሬት አሰበ፤ ግትርነቱ ከላይ ፊቱ ላይ ዜሮ፣ ከዚያ በጥልቀቱ ልክ ቀጥ ብሎ የሚያድግ። አንድ ሜትር ላይ የሆነ ያህል ከሆነ ሁለት ሜትር ላይ እጥፉ ነው። መሬቱ ውሃ እንደጠገበ ሸክላ መጠኑ የማይቀንስ ከሆነ፣ ክብደት ስናስቀምጥበት የሚገርም ነገር ያደርጋል፤ ከክብደቱ ሥር በጫናው ልክ ይሰጥማል፣ ከክብደቱ ውጭ ያለው ፊቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ፊቱ ላይ ዜሮ ግትርነት ቢኖረውም ክብደትን ይሸከማል።

ይህንኑ መሬት እንጠምዝዘው። ምን ይሆናል? አይይዝም። ትንሽ ይይዛል ማለቴ አይደለም፤ ጨርሶ አይይዝም። ፊቱ ላይ የተቀመጠ ሳህን ያለ ምንም ቶርክ ይሽከረከራል።

ምክንያቱን ያለ ካልኩለስ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ እንጀራ ብቻ በቂ ነው። መሬቱን እንደተደራረበ እንጀራ እዩት። ሳህኑ ሲዞር እያንዳንዱ እንጀራ ከሥሩ ካለው ትንሽ ይንሸራተታል፤ የሳህኑ መዞር የእነዚህ መንሸራተቶች ድምር ነው። አንድ ድርብርብ የሚንሸራተተው በውፍረቱ ልክ ነው፣ በግትርነቱ ተካፍሎ። ከ8 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ድርብርብ ውሰዱ። ከዚያ ከ4 እስከ 2 ያለውን። ውፍረቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ግትርነቱም በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ይንሸራተታሉ። ከ2 እስከ 1 ያለውም እኩል፣ ከ1 እስከ ግማሽ ያለውም እኩል፣ ከግማሽ እስከ ሩብ ያለውም እኩል። ወደ ላይ ስንጠጋ ድርብርቦቹ እያነሱ ይሄዳሉ እንጂ አያልቁም፣ እያንዳንዳቸውም እኩል ድርሻ ያዋጣሉ። ማለቂያ የሌለው መዋጮ ድምሩ ማለቂያ የለውም።

አሁን ግትርነቱ በጥልቀቱ ልክ ሳይሆን በጥልቀቱ ዳግም ዘር የሚያድግ መሬት እንውሰድ፤ ጥልቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ሁለት እጥፍ ብቻ የሚሆን። ይህ የምናብ ፈጠራ አይደለም፤ ንጹሕ አሸዋ ከዚህ ጋር የተቀራረበ ባሕርይ አለው። በዚህ መሬት ከ8 እስከ 4 ያለው ድርብርብ 1 ቢያዋጣ፣ ከ4 እስከ 2 ያለው 0.71 ገደማ ያዋጣል፣ ቀጣዩ 0.5፣ ቀጣዩ 0.35። እስከ ፊቱ ድረስ ያሉት ሁሉ ተደምረው ከ3.42 አያልፉም። ስለዚህ ሳህኑ ይያዛል። ሁለቱም መሬቶች ፊታቸው ላይ ዜሮ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ታች ግትርነታቸው ይጨምራል። አንዱ ሳህኑን ይይዛል፣ አንዱ ይለቀዋል። ልዩነቱ ያለው ከዜሮ የሚነሱበት አነሳስ ላይ ነው። እኔ በተማሪነቴ ይህን ሳይ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ እናንተ ግን ተኙ።

በተግባር ምንም አፈር ፊቱ ላይ ፍጹም ዜሮ አይደለም፤ ድርብርቡም ከአፈሩ ፍሬ መጠን በታች አይወርድም። ሒሳቡ የሚነግረን ግን ይህ ነው፤ ከላይ ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥምዘዛን በሚመለከት ከሥሩ ካለው ሁሉ ጋር እኩል የመምረጥ መብት አለው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በዚህ ጊዜ እጃቸውን አነሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። «ልጄ፣ የኛ ሜዳ እኮ እንደምትለው ወደ ታች ብቻ የሚጠነክር አይደለም። ጥቁሩ አፈር በበጋ ከላይ ድንጋይ ነው፣ ዶማ ይመልሳል፤ ወረድ ስትል ይለሰልሳል። በክረምት ደግሞ ከላይ ገንፎ ነው» አሉ። አባባ፣ ንግግሬን ቀደሙኝ። ልክ ናቸው። ጥቁር አፈር፣ መረሬም በሉት ዋልካ፣ የግትርነቱን ቅደም ተከተል በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለብጣል። በበጋ ከላይ ግትር ከታች ለስላሳ፣ እንደ ደረቀው ሊጤ ነው። በክረምት ከላይ ለስላሳ ከታች ግትር ነው። መገለባበጡ የሚደርሰው ደግሞ ልክ ጥምዘዛ በሚኖርበት ጥልቀት ላይ ነው።

ታዲያ በበጋ እንተማመን? አይሆንም። ይህ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ከኮንክሪቱም ይሸሻል። በጥር ወር ከምሰሶ ሥር ብታዩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታገኛላችሁ። አፈሩ ጠንክሯል፣ ግን ምሰሶውን አልነካውም፤ ያልነካ ነገር አይዝም። ስለዚህ የላይኛው ግማሽ ሜትር በክረምት ለስላሳ ስለሆነ፣ በበጋ ስለሸሸ፣ በሁለቱም ወቅት ሒሳብ ውስጥ መግባት የለበትም። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ ቀለል አድርገው የሚያዩት ባልደረቦች አሉኝ፣ ተከራክረንበታልም።

አሁን ሰሌዳውን እናሰላው። ስፋቱ 3 በ2 ሜትር፣ በአንድ ጠርዙ ምሰሶው ላይ የተሰቀለ እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 20 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ በእኛ ከፍታ በአንድ ሜትር ካሬ ወደ 200 ኒውተን ይገፋል። በ6 ሜትር ካሬ 1,200 ኒውተን ነው። የሰሌዳው መሃል ከምሰሶው 1.5 ሜትር ይርቃል፤ ቶርኩ 1,800 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ኮንክሪቱ ራዲየሱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በክረምት በዚያ ጥልቀት ያለው ጭቃ ከመንሸራተቱ በፊት 5 ኪሎ ፓስካል ይሸከማል ብንል፣ ከጎኑና ከሥሩ አንድ ላይ የሚይዘው 1,400 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። 1,800 መጣ፣ 1,400 ጠበቀው። ዞረ።

ልብ በሉ፤ ይህ አሁን የሠራሁት ሒሳብ የጥንካሬ ነው፣ የግትርነት አይደለም። አፈሩ ኢላስቲክ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ነፋሱ ሲያልፍ ሰሌዳው ይመለስ ነበር። ሆኖም የግትርነቱ ሥዕል ነው ጫናው የት እንደሚከማች፣ የቱ ጠርዝ መጀመሪያ እንደሚላላ የሚያሳየን። ሁለቱን እንዳታምታቱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ሳህኑን ማስፋት ነው? ይረዳል፤ ግን ክረምት ገንፎ በሚሆነው አፈር ላይ ነው የምታሰፉት። የተሻለው መውረድ ነው። የተቀበረ ክብ ምሰሶ ሲጠመዘዝ በጎኑ የሚያገኘው ግትርነት በየጥልቀቱ ያለው አፈር ድርሻ ድምር ነው። ሁሉም ጥልቀት የራሱን ያዋጣል፣ አንዱ ሌላውን ብዙ አይጠብቅም። ያ ፊቱ ላይ ሳህን የማይዘው የጊብሰን መሬት ምሰሶ ሲቀበርበት በሚገባ ይይዛል፤ ጥልቀቱን ሁለት እጥፍ ስታደርጉት የጎኑ ግትርነት አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ዓይነት ግትርነት ባለው አፈር እንኳ 30 ሳንቲ ሜትር ራዲየስና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው መሠረት ከጎኑ የሚያገኘው ከሥሩ ከሚያገኘው ወደ 12 እጥፍ ገደማ ነው።

ስለዚህ ያንኑ ኮንክሪት ሳናሰፋው 1.5 ሜትር እናውርደው። የላይኛውን ግማሽ ሜትር እንዳልኳችሁ እንርሳው። ከዚያ በታች ያለው ሸክላ 20 ኪሎ ፓስካል ቢሸከም፣ ይህም ገና ለስላሳ የሚባል ነው፣ ከጎኑ ብቻ ከ11,000 ኒውተን ሜትር በላይ ይይዛል። 1,400 የነበረው 11,000 አለፈ። የተጨመረው አንድ ሜትር ከአሥር ቁፋሮ ነው፤ የአንድ ሰው ከሰዓት በኋላ ሥራ። አባባ ፈገግ አሉ፤ ዋጋውን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

ይህ 20 የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል? እሱም በጥምዘዛ ይታወቃል። ቬን የሚባል መሣሪያ አለ፤ በመስቀል የተገጠሙ አራት የብረት ክንፎች ያሉት ዘንግ ነው። ለስላሳ ሸክላ ውስጥ ይሰኩታል፣ ቀስ ብለው ያዞሩታል፣ አፈሩ የሚቆረጥበትን ቶርክ ያነብባሉ። የክንፎቹ ቁመት የስፋታቸው ሁለት እጥፍ ከሆነ ከቶርኩ ከ7 እጅ 6ቱ የሚመጣው ከጎን ነው፣ አንዱ ብቻ ከላይና ከታች። ወረድ እያሉ በየግማሽ ሜትሩ ሲያዞሩት መሬቱ ጥንካሬውን በጥልቀት ይተርካል። እኔ ግን የአፈር ምርመራ ውጤት ተብሎ አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ሲሰጠኝ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አንድ ቁጥር። በየትኛው ጥልቀት? በየትኛው ወር? ወረቀቱ ዝም ይላል። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ሙቀትህ 38 ነው» ቢላችሁና የዛሬ ይሁን የአምና ባይነግራችሁ ትቀበሉታላችሁ?

ሰሌዳውን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። ከዚያ የመስከረም ቀን በኋላ ባለቤቱን አግኝቼ ይህንን ሁሉ፣ ያለ ሊጡ፣ አስረዳሁት። በትሕትና አዳመጠኝ፣ ቡናም ጋበዘኝ፣ ሦስቱንም ጠጥተን ተለያየን። ባለፈው ሳምንት ከደሴ ስመለስ ሰሌዳው እንደገና ወደ መንገዱ ፊቱን መልሶ ቆሟል። ደስ ብሎኝ ወርጄ አየሁት።

አራተኛ ገመድ ጨምረውበታል።